የማይታየው የቤታችን በር



አባወራ ሲመሽ ወደ መኝታው ከመሄዱ በፊት የግቢው በር መዘጋቱን ይመረምራል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ዳሩ ግን በዛሬው ዘመን ቤታችን አንድ ሌላ በር አለው፤ ይኸውም በሲም ካርድ የሚሠራው፥ በተለምዶ ራውተር የሚባለው የኢንተርኔት ማከፋፈያ ሣጥን ነው። የዚህን በር መዝጊያ ለይቶ የሚያውቅ ቤተ ሰብ ግን ጥቂት ነው።

እኛም ካላወቁት ወገን ነበርን። አንድ ጊዜ ለወር ብለን የገዛነው የኢንተርኔት ጥቅል በአምስት ቀን አለቀ። በተከታዩም ወር እንዲሁ ሆነ። ታላቁ ልጃችን ሌሊት ፊልም ሲመለከት የሚያድር ስለ መሰለን በወንድሞቹ ፊት ገሠጽነው። አልነካሁም ቢል አላመንነውም፤ ስልኩንም ወስደን ቈለፍንበት። ጥቅሉ ግን ስልኩ ተቈልፎ ሳለ እንኳ ማለቁን አልተወም። ነገሩን ከመሠረቱ መመርመር የጀመርነው በዚህ ጊዜ ነው።

ሣጥኑ ሁለት ወገን አለው። በአንዱ ወገን እንደ ስልክ ሆኖ በሲም ካርዱ አማካይነት ከስልክ ድርጅቱ አንቴና ጋራ ይገናኛል፤ በሌላው ወገን ያገኘውን መስመር በዋይፋይ ለቤቱ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ያድላል። ለእያንዳንዱም መለያ የሚሆን የቤት ውስጥ ቍጥር ይሰጠዋል። ቍጥሩ ብዙውን ጊዜ በ192.168 ይጀምራል፤ ይህ ተራ በ1988 ዓ.ም. በወጣው ስምምነት ለግል መረቦች ብቻ የተለየ ስለ ሆነ፥ በአያሌ ቤቶች አንድ ዓይነት ቍጥር ቢገኝ አይጋጭም። ሣጥኑም የራሱ ቍጥር አለው፤ 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 ወይም ይህን የመሰለ ሲሆን፥ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ስልክን ከሣጥኑ ዋይፋይ ጋራ ካገናኙ በኋላ ብራውዘር ከፍቶ ይህን ቍጥር በአድራሻው መስመር ላይ መጻፍ ነው። የሣጥኑ ገጽ ይከፈትና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ገጹ የሚመጣው ከሩቅ ሳይሆን ከሣጥኑ ከራሱ ስለ ሆነ፥ ጥቅሉ ቢያልቅም እንኳ ይከፈታል።

ገጹን ከፍተን የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ብንመለከት፥ የቤታችን ስልኮች አራት ብቻ ሲሆኑ በዝርዝሩ ላይ አሥራ አንድ አገኘን። አንድ ቀን ለአንድ እንግዳ የነገርነው የይለፍ ቃል ከአፍ ወደ አፍ እየሄደ ሠፈሩን አዳርሶ ኖሯል። ልጁ በደል አልነበረበትም።

እንግዲህ ሌላው ቤተ ሰብ በእኛ ከደረሰው እንዲድን፥ ያደረግነውን በተራ እናስረዳለን።

አንደኛ፥ የገጹ መክፈቻ የይለፍ ቃል ይለወጥ። ሚራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ከፋብሪካ የመጡ 60 ያህል የስምና የይለፍ ቃል ጥንዶችን እየሞከረ አያሌ ራውተሮችንና የጥበቃ ካሜራዎችን ማርኮ፥ በጥቅምት ወር 2009 ዓ.ም. በአሜሪካ ታላላቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን አውኳል። የተማረኩት መሣሪያዎች ባለቤቶቻቸው የፋብሪካውን ቃል ሳይለውጡ የተዉአቸው ነበሩ።

ሁለተኛ፥ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ይለወጥ። ይህ ከገጹ መክፈቻ የተለየ ነው፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ አይገባም። ቃሉ ከ8 ፊደል እንዳያንስ መሣሪያው ራሱ ያስገድዳል፤ እኛ ግን ከዚያ የረዘመውን እንመርጣለን። ከጥበቃው ዓይነቶች ደብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም በ2010 ዓ.ም. የወጣው ደብልዩ ፒ ኤ 3 ይመረጥ፤ ዌፕ የሚባለው አሮጌው ግን በቀላሉ የሚሰበር ነው። ቃሉ በተለወጠ ጊዜ ሁሉም ይቋረጣሉ፤ አዲሱን የሚያውቁ ብቻ ይመለሳሉ።

ሦስተኛ፥ እንግዳን ቃል መንፈግ በአገራችን ነውር ነው። ስለዚህ ሣጥኑ ይህ አገልግሎት ካለው ለእንግዶች የተለየ ዋይፋይ ከፍቶ፥ እንግዳው ሲሄድ መዝጋት ይቻላል።

አራተኛ፥ አንቴናው እየታየ ኢንተርኔት ከሌለ፥ ጥቅሉ አለማለቁን ካረጋገጡ በኋላ ኤፒኤን የሚባለውን ስም መመልከት ይገባል። ይህ ሣጥኑ በስልክ ድርጅቱ መረብ በኩል ወደ ኢንተርኔት የሚገባበት የመግቢያ ስም ሲሆን፥ አንድ ፊደል ቢሳሳት መስመሩ አይሠራም። ከመለወጥ በፊት የነበረውን በወረቀት መጻፍ፥ ትክክለኛውንም ከድርጅቱ መጠየቅ ይበጃል።

በመጨረሻም ከሣጥኑ በስተኋላ ያለው ትንሽ ቀዳዳ ወይም ቍልፍ ለብዙ ሰኮንድ ቢጫኑት ሁሉን ወደ ፋብሪካው ሥርዓት ይመልሳል። ቃሉ ለተረሳበት ሰው ይህ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን የፋብሪካው የይለፍ ቃልም አብሮ ስለሚመለስ፥ በሩን እንደ ገና መዝጋት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ከፈጸምን በኋላ ልጃችንን ጠራነው። በወንድሞቹ ፊት ገሥጸነው ነበርና በወንድሞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው፤ ስልኩንም መለስንለት። አዲሱን የይለፍ ቃል መርጦ የጻፈው እርሱ ነው። አሁን በየወሩ መጀመሪያ ገጹን ከእርሱ ጋራ ከፍተን ዝርዝሩን እንቈጥራለን። አንባብያንም በልጆቻችሁ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ዝርዝሩን እንድትመለከቱ እንመክራለን።