መጀመሪያ ነቀምቴን እንይ!



በክበባችን «ብትችሉ የትኛውን ከተማ ትጎበኛላችሁ?» ስንባል ብዙዎቻችን «ምጽዋ!» አልን። እኔም ብያለሁ። ባሕር ማየት የማይፈልግ ማን አለ? እኛ የአርጆ ልጆች የምናውቀው ትልቅ ውኃ ዴዴሳ ወንዝ ነው። ምጽዋ ደግሞ ኤርትራ ውስጥ፣ ቀይ ባሕር ላይ ያለች የድሮ ከተማ ናት። አሸዋማ ዳርቻ አላት፤ የቱርክና የጣልያን ጊዜ ሕንፃዎችም አሉባት። ጣልያን የያዛት በ1877 ዓ.ም. ነው።

ቤት ገብቼ ሳስበው ግን አፈርኩ። ባዕዳን የሠሩትን ለማየት ስቸኩል የራሳችን ሰዎች የሠሩትን አላየሁም! ነቀምቴ የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት አለ። የወለጋ ሙዚየምም እዚያው ነው። በክፍላችን ብዙ ልጆች ለሕክምናና ለገበያ ነቀምቴ ሄደዋል፤ ቤተ መንግሥቱን ያዩት ግን አራት ብቻ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። ጉዞ ሲባል ብር ያዋጣ ይሄዳል፣ ያላዋጣ ይቀራል። ቦታው በራቀ ቁጥር ብሩም ይጨምራል፣ የሚቀረውም ልጅ ይበዛል። ነቀምቴ ግን ጠዋት ሄደን ማታ እንመለሳለን።

ስለዚህ መምህሮቻችን፣ እባካችሁ የዘንድሮው ጉዞ ነቀምቴ ይሁን፤ ማንም በብር ምክንያት አይቅር። ክበባችን ድራማ አሳይቶ ብር ቢሰበስብ እኔ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። እናንተስ?

ባሕሩ የትም አይሄድም፤ ስናድግ እናየዋለን። ቸር እንሰንብት!

ከ7ኛ ክፍል