ጥለት የማያውቀው የታሪፍ መጽሐፍ

ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ባለችው ደባርቅ፣ የሐበሻ ቀሚስ ገዢ ሁለት ምርጫ አላት፦ ሸማኔ ድርና ማጉን ቆጥሮ የሠራው፣ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ጥለቱ የታተመ ፖሊስተር። ርካሹን ብትመርጥ አይፈረድባትም። ጥያቄው ለጉምሩክ ነው።

የታሪፍ መጽሐፉ የሴት ልብስን ሹራብ ከሆነ ምዕራፍ 61፣ ካልሆነ ምዕራፍ 62 ይመድበዋል፤ ቀጥሎ የክሩን ዓይነት ይጠይቃል። ከፊት የሚከፈት ልብስ ቀኙ በግራው ላይ ከተዘጋ የሴት ነው እስከማለት ይራቀቃል። ጥለት ግን አያውቅም። ሹራብ ያልሆነው የታተመ ቀሚስ ቁጥር 6204.43 ውስጥ ከማንኛውም የፖሊስተር ቀሚስ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል።

«35 በመቶ ቀረጥ አለበት» ይባላል። ቀረጡ የሚሰላው በዋጋው ላይ ነው፤ ዋጋው ከረከሰ ቀረጡም ይረክሳል።

«አመዳደቡ ዓለም አቀፍ ነው» ማለትም ሰበብ ነው። ዓለምን የሚያስተሳስሩት የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች ብቻ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የአገር ሥልጣን ነው። ጥለት ለታተመበት ቀሚስ የራሱ መስመር ይከፈትለት። ያኔ ስንት እንደገባ ይታወቃል፤ ቀረጡም በልኩ ይወሰናል። ዛሬ ግን ሸማኔው የሚከስርበት ዕቃ በአገሩ መዝገብ ላይ ስም እንኳ የለውም።