«የሌሊት ወፍ ታመመ» ስትል አያቷ ደነገጡ



ባለፈው ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ወጥተን ዳውንታውን ኦክላንድ ወዳቆምኩት መኪና ስንሄድ፣ ልጄ እግረኛ መንገድ ላይ የወደቀ ጫጩት አየች። አንድ ክንፉ ተንጠልጥሏል። እኔ «ተይው፣ ቆሻሻ ነው፣ ነይ!» ብዬ ጎተትኳት። አንዲት መንገደኛ ግን ቆማ ደወለችለት።

ማታ ልጄ ለአያቷ በስልክ «የሌሊት ወፍ ታመመ» አለች። እማማ ደንግጠው «ነካሽ እንዴ?» አሉ። ልጅቷ ግራ ገብቷት ስልኩን ሰጠችኝና ወሬውን ለእኔ በእንግሊዝኛ ጨረሰችው።

ለማለት የፈለገችው ሳቢሳ ነበር፤ አናቱ ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ፣ ሌሊት ዓሣ የሚያድነው። ቃሉን እኔም ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ይህ ወፍ ዝዋይና ሐዋሳም አለ። እዚህ ደግሞ ዳውንታውን ዛፎች ላይ ይፈለፍላል። በ2019 የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ተሟግተውለት የኦክላንድ ከተማ ወፍ ሆኗል። በዚያው ዓመት ጎጆ የሞላበት ትልቅ ዛፍ ሲሰነጠቅ፣ በደርዘን የሚቆጠሩ ጫጩቶች ፌርፊልድ ወዳለው ኢንተርናሽናል በርድ ሬስኪው ተወሰዱ። እዚያ ስብራታቸው ይታሰራል፣ ዓሣ ይበላሉ። ሰው እንዳይለምዱ ከመሰሎቻቸው ጋር ያድጉና ይለቀቃሉ።

እናንተም ብታገኙ እንጀራም ውኃም አፉ ውስጥ አትጨምሩ። ቤት ወስዶ ማሳደግን የፌዴራል ሕግ አይፈቅድም። ቶሎ ወደሚያክሙት መደወል ነው።

አንዳንዶቻችን «ፊደሉን ይወቁ እንጂ ስለ ወፍ ማን ጠየቃቸው» እንላለን። እኔ አልስማማም። ልጅ ከእኛ የሚሰማው አማርኛ «ብላ፣ ተኛ፣ ፍጠን» ብቻ ከሆነ፣ ያሳዘነውንና ያስገረመውን የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ፊደል ቆጥሮም ለአያቱ የሚነግረው ያጣል። ጥፋቱ የአስተማሪዎቹ አይደለም፤ «ተይው» ያልኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሌክ ሜሪትን አብራችሁ ዙሩ። ጎጆ፣ ምንቃር፣ ክንፍ፣ ስብራት የሚሉትን ቃላት እያሳያችሁ ንገሯቸው። «ምን አየህ? ምን አየሽ?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም ብላችሁ ስሙ። ቢሳሳቱም ቶሎ አታርሙ።

እሑድ እንደገና ደወልን። «ሳቢሳ ነው እማማ፣ ክንፉ ተሰብሮ ነው» አለች። «ውይ በሞትኩት! እናቱስ የት ሄዳ ነው?» አሉ እማማ። ሃያ ደቂቃ አወሩ። እኔን ለትርጉም አልጠሩኝም።