ስለ መለየትና ስለ መመለስ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ሰው ብቻውን አይኖርም። አዝመራው በደቦ ይታጨዳል፤ ሐዘን ሲደርስበት ጎረቤት ይሰበሰብለታል፤ በየወሩም የማኅበሩን ጽዋ ከባልንጀሮቹ ጋራ ይጠጣል። ስለዚህ አንድን ሰው «ከማኅበራችን ውጣ» ማለት ለአፍ ቢቀልም ፍርዱ ከባድ ነው።

ልጅ ሳለሁ አንድ ጎረቤታችን ድንበር ገፍተሃል ተብሎ ከማኅበሩ ተለየ። በደሉ እውነት ነበረ። በመከር ጊዜ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ ብቻውን ሲያጭድ አይቼዋለሁ። በኋላም ጥፋቱን አምኖ ሊክስ በፈለገ ጊዜ ሁሉ ሰላምታ ነሥቶት ነበርና የሚያስታርቀው ሽማግሌ አጣ። በመጨረሻ አገር ጥሎ ሄደ፤ የተበደለውም ሰው ካሣውን ሳያገኝ ቀረ።

ይህን ያሳሰበኝ ስለ አንድ የጥንት የአይሁድ ማኅበር ያነበብሁት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 በሙት ባሕር ዳርቻ፣ ቁምራን በሚባለው ስፍራ አጠገብ፣ እረኞች በዋሻ ውስጥ ጥንታውያን ጥቅልሎችን አገኙ። ከእነዚያ አንዱ የማኅበሩን ሕግ የያዘ ነው። ማኅበርተኞቹ ገንዘባቸውን አንድ አድርገው በአንድ ማዕድ ይበሉ ነበር። ብዙው ቅጣታቸው በልክ የተሰፈረ ነበረ፤ በጉባኤ መካከል የተኛ 30 ቀን ይቀጣል፤ ስለ ገንዘቡ ዐውቆ የዋሸ 1 ዓመት ከማኅበሩ ንጹሕ ማዕድ ይለያል፤ ከምግቡም አራተኛው እጅ ይቀነስበታል። በማኅበሩ ሥርዓት ላይ ያጉረመረመ ግን ይባረራል፤ አይመለስምም። 10 ዓመት ኖሮ የከዳም እንዲሁ ነው፤ ከእርሱ ጋራ ምግብ ወይም ገንዘብ የተካፈለም አብሮት ይባረራል።

በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስም ኤሴናውያን ስለሚባሉት ይተርካል፤ ብዙ ሊቃውንት የቁምራን ሰዎች ከእነዚሁ ወገን ናቸው ይላሉ። ከእነርሱ የተባረረ ሰው በመሐላው ታስሮአልና የሌላውን ምግብ አይቀምስም፤ ሣር እየበላ በረኃብ ይመነምናል። ማኅበርተኞቹም ብዙዎቹን ሊሞቱ ሲያጣጥሩ አዝነውላቸው፣ መከራቸው ለበደላቸው ይበቃል ብለው ይመልሷቸው ነበር። መልካም አደረጉ፤ ነገር ግን ሰው ለሞት እስኪቃረብ ድረስ መጠበቅ ለምን አስፈለገ?

መባረር የሚያስፈራው በደለኛውን ብቻ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው በበራለት ጊዜ፣ ወላጆቹ ከምኩራብ እንዳይወጡ ፈርተው ማን እንዳበራለት ከመመስከር ሸሹ። ልጃቸው ግን እውነቱን ተናግሮ ተባረረ። ጌታችንም መባረሩን በሰማ ጊዜ ፈልጎ አገኘው።

ቤተ ክርስቲያናችንም ትለያለች፤ ታወግዛለችም። ነገር ግን ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ሥርዓቱን ደረጃ በደረጃ አስተምሮአል፤ በደለኛው በመጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ፊት፣ በመጨረሻም በቤተ ክርስቲያን ይመከራል። ቅዱስ ጳውሎስም በደለኛው እንዲለይ ለቆሮንቶስ ሰዎች በ1ኛው መልእክቱ አዘዘ፤ በ2ኛው መልእክቱ ደግሞ የተቀጣው ሰው ከሐዘን ብዛት እንዳይዋጥ ይቅር እንዲሉትና እንዲያጽናኑት መከራቸው። የንስሓ አባትም ቀኖና የሚሰጠው ልጁን ለመመለስ እንጂ ለማጥፋት አይደለም።

እንግዲህ አባት ልጁን ከቤት ከማስወጣቱ፣ ማኅበርም አባሉን ከመለየቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ቃሉን ሰምተነዋልን? ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋራ ይመጣጠናልን? መመለስ ሲፈልግ ወደ ማን ይሂድ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለ ፍርዱ ገና አላለቀም። ሁሉ በሚርቀው ጊዜ ሰላምታ የማይነሣው አንድ ሽማግሌ አስቀድሞ ይመረጥ፤ እርሱም ተጠርቶ ብቻ ሳይሆን ሳይጠራም ሄዶ ደጁን ያንኳኳ።

የጠፋውን የሚፈልግ አምላክ ቤታችሁን በሰላም ይጠብቅ፤ አሜን።