የቤት ውስጥ ምድር ባቡር

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የምናወሳው ነገር ለጊዜው የልጆች ጨዋታ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይኸውም በገበታ ላይ ትንሽ ሐዲድ ዘርግቶ፥ ተራራውንና ድልድዩን፥ ጣቢያውንና መንደሩን በልክ አሳንሶ፥ ባቡር የሚያስኬዱበት የእጅ ሥራ ነው።

በጀርመን አገር ሜርክሊን የተባለው የመጫወቻ ፋብሪካ በ1883 ዓ.ም. በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት የሐዲዱ ስፋት የተወሰነለት መጫወቻ ባቡር አሳየ። ከዚያም በሦስተኛው ዓመት፥ በ1886 ዓ.ም.፥ ዐፄ ምኒልክ የእውነተኛውን ምድር ባቡር ሥራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቀዱ። ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ።

ለዚህ ሥራ በዓለም እጅግ የተለመደው ልክ ከሰማንያ ሰባት አንድ ነው፤ በመሬት ላይ 87 ሜትር የሆነው በገበታ ላይ 1 ሜትር ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፥ በዚህ ልክ 16 ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል። የቀድሞው ሐዲድ ርዝመቱ 784 ኪሎሜትር ነበረና ሁሉን ልሥራ የሚል ሰው 9 ኪሎሜትር ሐዲድ ሊገዛ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሠሪ አንዲት ስፍራ፥ የለገሃርን ጣቢያ ወይም የአዋሽን ድልድይ፥ ይመርጣል።

ባቡር ባልደረሰበት አገር፥ ለምሳሌ በወሎ ደጋ በመካነ ሰላም የሚያድግ ልጅ ከዚህ ምን ይጠቀማል? ያልን እንደ ሆነ፥ ይልቁንም የሚጠቀመው እርሱ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ከቦረና ደጋ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወስደው ቁልቁለትም ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። የባቡር መንኰራኵር ብረት በብረት ላይ ስለሚሄድ በዳገት ይንሸራተታል። በ1,000 ሜትር ጉዞ 25 ሜትር ይውጣ ቢባል እንኳ፥ ያን ዳገት ለመጨረስ ከ40 ኪሎሜትር የማያንስ ጠመዝማዛ መንገድ ያሻዋል። ይህን ለልጅ በቃል ቢነግሩት ይረሳዋል፤ በገበታው ላይ ሐዲዱን አቁሞ ባቡሩ ሲንሸራተትበት ግን ምክንያቱን በዓይኑ ያያል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በዚያው በወሎ ገደላገደል መንገድ እያስጠረቡ ወደ መቅደላ ሲያስወጡ የደረሰውንም ድካም ያን ጊዜ ያስተውለዋል።

ዕቃው ሁሉ ከውጭ አይመጣም። ባቡሩና ሐዲዱ ቢገዛ፥ ተራራው ከእንጨት ቁራጭ፥ ከወረቀትና ከሙጫ፤ ጎጆው ከቀርከሃና ከሣር፤ ዛፉ ከደረቀ የአስታ ቅርንጫፍ፤ ጠጠሩም ከተነፋ አሸዋ ይሠራል።

ነገር ግን አንዳንድ አባት «የጨዋ ልጅ መጋዝና ሞረድ ይዞ ምን ሊሆን ነው?» ይላል። ይህ አሳብ አገራችንን ብዙ ጎድቷታል። ሐዲዱ ገና በመሠራት ላይ ሳለ፥ በ1900 ዓ.ም.፥ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በእጅ ሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ ግን ከየቤታችን ፈጽሞ አልወጣም። ልጄ መሐንዲስ ይሁንልኝ ብሎ የሚመኝ አባት፥ ያው ልጅ እንጨት ሲቈርጥ ቢያየው ይቈጣዋል። ልጁም ሁለቱን ነገር እንዴት አድርጎ ያስማማው? ዐዋጅ የአደባባዩን ምላስ ይገታ ይሆናል፤ የቤቱን ልማድ የሚያቀናው ግን አባት ራሱ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ መጋዙን ሲይዝ ነው። ወንድ ልጅም ሆነ ሴት ልጅ ከአባት እጅ የሚያዩትን ሥራ አይንቁትም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ገበታ ይበቃል። ኩርባው ከመካከሉ እስከ ሐዲዱ ከ36 ሳንቲሜትር አይነስ፤ ከዚህ ከጠበበ ባቡሩ ከሐዲድ ይወጣል። ድልድዩንና ተራራውን ከዚያ በኋላ በየጊዜው መጨመር ይቻላል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና።