የፓርኪንሰን መድኃኒት አቅርቦትን አስመልክቶ የወጣ የአቋም መግለጫ

የሕሙማንና የአስታማሚ ቤተሰቦች ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ፣ የአባላቱን የመታከም መብት እንዲያስጠብቅ በመተዳደሪያ ደንቡ በተጣለበት ኃላፊነት መሠረት፣ በፓርኪንሰን መድኃኒት አቅርቦት ላይ መክሮ ይህን መግለጫ አውጥቷል።

ለፓርኪንሰን እስካሁን ፈውስ አልተገኘም፤ ምልክቶቹን የሚያቀል መድኃኒት ግን አለ። ይህም ሌቮዶፓ ነው፤ አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን እየተለወጠ በበሽታው የጎደለውን ይተካል። አብሮት የሚሰጠው ካርቢዶፓ ደግሞ ይህ ለውጥ ከአንጎል ውጭ እንዳይካሄድ ይከላከላል፤ ማቅለሽለሹንም ይቀንሳል። የሌቮዶፓ ጥቅም ከታወቀ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስፍሮታል። ስለዚህ አባሎቻችን የሚጠይቁት አዲስ ግኝትም ቅንጦትም አይደለም።

ሌቮዶፓ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ግማሽ ያህሉ በ1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወገዳል። በሽታው እየገፋ ሲሄድ አንዱ እንክብል የሰጠው እፎይታ የሚቀጥለው ሰዓት ሳይደርስ ያልቃል። መድኃኒቱን በሰዓቱ የወሰደ ሰው ሸሚዙን ይቆልፋል፣ በእጁ ይጎርሳል፤ ሰዓቱ ያለፈበት አልጋው ላይ መገላበጥ ያቅተዋል። በድንገት ከተቋረጠ ደግሞ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የጡንቻ መገተርና ራስን መሳት ሊያስከትል፣ ለሞትም ሊያበቃ ይችላል። «ለጊዜው አልቋል» የሚለውን መልስ ማኅበራችን እንደ ተራ መዘግየት የማይቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

አባሎቻችን ምን እያደረጉ እንደሚኖሩ ማስረዳት የሚያስፈልገን አይመስለንም፦ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት መዞር፣ ውጭ አገር ላለ ዘመድ መደወል፣ የመንገደኛ ሻንጣ መጠበቅ፣ የታዘዘውን ቀንሶ ማብቃቃት። በሌቮዶፓ ፈንታ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል መንቀጥቀጥን ሊያስታግስ ቢችልም፣ በአረጋውያን ላይ የመርሳትና የግራ መጋባት ችግር ያመጣል። ርካሽ መሆኑ ምትክ አያደርገውም።

በእነዚህ ምክንያቶች ጉባኤው የሚከተሉትን አቋሞች በአንድ ድምፅ አጽድቋል፦

1. የመድኃኒቱ አቅርቦት መመዘን ያለበት በአገር ውስጥ «አለ» በመባሉ ሳይሆን ሳይቋረጥ በመቆየቱ ነው። በግዢና በውጭ ምንዛሪ ድልድል ላይ የሚወስኑ አካላት ቢያንስ ለ6 ወር የሚበቃ መጠባበቂያ ክምችት እንዲይዙ እንጠይቃለን።

2. መድኃኒቱ በክልል ሪፈራል ሆስፒታሎችም መገኘት አለበት። መራመድ የተሳነውን ሕመምተኛ ለአንድ ወር እንክብል ወደ አዲስ አበባ ማመላለስ ሕክምና ሊባል አይችልም።

3. በሌላ ሕመም ሆስፒታል የተኙ አባሎቻችን መድኃኒታቸውን በተለመደው ሰዓታቸው ሊወስዱ ይገባል እንጂ በክፍሉ የመድኃኒት ማደያ ሰዓት እንዲወስዱ መገደድ የለባቸውም። ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድና ለመረበሽ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል የፓርኪንሰንን ምልክቶች ያባብሳሉ። ይህ በሕሙማን ካርድ ላይ በግልጽ እንዲሰፍርና ለተረኛ ሐኪሞችና ነርሶች ሁሉ እንዲነገር እንጠይቃለን።

4. መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ በመሆኑ የጤና መድን ሙሉ በሙሉ ሊሸፍነው ይገባል።

5. ከውጭ አገር ወገኖቻችን የሚልኩትን መድኃኒት በምስጋና እንቀበላለን። ሆኖም ልገሳው የመደበኛው አቅርቦት አካል ተደርጎ በሪፖርት እንዲቆጠር አንፈቅድም።

6. ማንኛውም አባል ያለ ሐኪም ምክር መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ መጠኑንም እንዳይቀንስ ማኅበሩ አጥብቆ ያሳስባል።

የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ይህን መግለጫ ለሚመለከታቸው አካላት በጽሑፍ አቅርቦ በ30 ቀናት ውስጥ የጽሑፍ ምላሽ እንዲጠይቅ ታዟል። እስከዚያው ድረስ መድኃኒቱ የጠፋበትን ቦታና ጊዜ ከአባላት እየተቀበለ ይመዘግባል። መዝገቡም ለሚቀጥለው ጉባኤ ይቀርባል።