የኩበርኔቲስ አጫጫን ቅለት በምን ይለካ?

የኮንቴይነር ክላስተር ማስተዳደሪያው ኩበርኔቲስ እ.ኤ.አ. በ2014 በጉግል ይፋ ከሆነ ወዲህ በተደጋጋሚ ከሚነሡበት ቅሬታዎች አንዱ የአጫጫኑ ውስብስብነት ነው። ሁሉን በእጁ የሚሠራ ባለሙያ ዲጂታል ሰርተፍኬቶችን ማመንጨት፣ ኢቲሲዲ የተባለውን የመረጃ ቋት ማቋቋም፣ ሰርቨሮቹን ማገናኘት ነበረበት። በ2016 የቀረበው ኩብአድም ይህን ድካም ወደ ጥቂት ትእዛዞች አወረደው፤ እሰየው የሚያሰኝ ነው።

ሆኖም የቀለለው አጫጫኑ እንጂ ሥርዓቱ አይደለም። ኩብአድም የሚያመነጫቸው አብዛኞቹ ሰርተፍኬቶች ካልተቀየሩ በቀር የሚያገለግሉት ለ1 ዓመት ነው። የሥሪት ማሻሻያ ሲደረግ አብረው ይታደሳሉ፤ ከተጫነ በኋላ ማንም ያልነካው ክላስተር ግን ዓመት ሲሞላው የአስተዳዳሪውን ትእዛዝ አልቀበልም ይላል። በሥራ ላይ ያሉት ኮንቴይነሮች መሥራታቸውን ስለሚቀጥሉ ችግሩ ወዲያው አይታወቅም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ከሰርቨሮቹ አንዱ በዚያ ጊዜ ቢወድቅ ሥራውን ወደ ሌላው የሚያዛውር አይኖርም። ሰርተፍኬት መኖሩን እንኳ የማያውቅ ሰው ጥገናውን ከየት ይጀምር?

ስለዚህ የመጫኛ መሣሪያን በሚቆጥበው ደቂቃ ብቻ መመዘን ያሳስታል። ለተጠቃሚው የወሰነለትን መግለጹም ሊመዘን ይገባል። ኩብአድም የሰርተፍኬቶቹን ማብቂያ ቀን የሚያሳይ ትእዛዝ አለው፤ የሚያገኘው ግን መጠየቅን የሚያውቅ ብቻ ነው። ቀኑን በመጫኛው የመዝጊያ መልእክት ላይ ማስፈር አንድ መስመር ይበቃዋል።